ግማሿ

የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢዎች ስም ማውጣት ይችሉበታል። የነርሶቹን አለቃ ሜትሮኗን፣ ኮቴዋ ሳይሰማ ከሰው ኋላ ስለምትቆም፣ «ድመቷ» ይሏታል። የአስከሬን ክፍሉን ጠባቂ «አሰናባች» ብለውታል። አዲሷን ሰፊ ደግሞ ሥራ በጀመረች በሳምንቱ «ግማሿ» አሏት። የግማሽ ቀን ሠራተኛ ናት፤ ጠዋት ገብታ ምሳ ሰዓት ላይ ትወጣለች። ስሙ ከእጥበት ክፍል ወደ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት ወደ ዘበኞቹ ተሻገረና እናትና አባቷ ያወጡላትን የሚያስታውስ ጠፋ። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏት ነበር። ኋላ ግን ለመደችውና መልስ ታበጅለት ጀመር።

«ግማሿ፣ ዛሬ የትኛው ግማሽሽ ነው የመጣው?» ይላታል የአንሶላ ጋሪ የሚገፋው።

«የሚርበው» ትለዋለች። «የጠገበው ቤት ተኝቷል።»

የምትሠራው ከእጥበት ክፍሉ ጎን ባለችው የስፌት ክፍል ነበር። ክፍሏ ወገቧ ድረስ መሬት ውስጥ የገባች ናት። መስኮቷ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ በእሱ በኩል የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ሁለት የስፌት መኪናና አንድ ረጅም ጠረጴዛ አለ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ደግሞ ተሠርቶ የማያልቅ የጨርቅ ክምር። የተቀደደ አንሶላ ይጣፋል፣ የትራስ ልብስ ይቀመቀማል፣ ማሰሪያው የተበጠሰ የሐኪም ጋውን ይታደሳል። በግድግዳው ማዶ ማጠቢያዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ስለሚውሉ እዚያ ክፍል ውስጥ በለሆሳስ ማውራት አይታሰብም።

ስትቀጠር ሜትሮኗ አፏን ሞልታ ነው የነገረቻት። አብረሻቸው የምትሰፊው እትዬ ጡረታ ሲወጡ ቦታው ያንቺ ነው፣ እስከዚያ በግማሽ ቀን ታገሺ ብላታለች። ግማሿም ታገሰች። ነገር ግን ትዕግሥት ብቻውን ቤት አያቆምም። ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ ሌላ ከተማ ሄዶ እዚያው ሌላ ትዳር መሥርቷል። በአንዲት ክፍል ውስጥ ከእናቷና ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ የግማሽ ቀን ደሞዝ ደግሞ የሚያኖረው ሰው ግማሽ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ከተማውን አቋርጣ የሙሽራ ልብስ የሚያከራይ ሱቅ ገብታ ትሠራለች።

ከሆስፒታሉ ሱቁ ድረስ ሁለት አውቶቡስ ነው። ምሳዋን፣ ዳቦ በሆነ ነገር፣ አንድ እጇን ከላይ ካለው ብረት ላይ አንጠልጥላ ቆማ ትበላለች። ስትደርስ የሱቁ ባለቤት ማዳም መጀመሪያ ወደ ቧንቧው ትልካታለች። «ሂጂ ታጠቢ፤ ሙሽሮቹ በሽተኛ በሽተኛ ሸተትሺን ይላሉ» ትላታለች። ጥሩ መዓዛ ባለው ሳሙና እስከ ክርኗ ትታጠብና ከኋላ ባለችው ክፍል ትቀመጣለች። የረጋገጡትን የቬሎ ጫፍ ትቀምቅማለች፣ የረገፈ ዶቃ አንድ በአንድ ትመልሳለች፣ የወፈረችውን ሙሽራ ለማስገባት ጎን ትፈታለች። ጠዋት የታማሚ፣ ከሰዓት የሙሽራ። አንድ ጊዜ ለእናቷ፣ ሰው ከሚያገባበትና ከሚሞትበት ቀን በቀር ሌላውን ቀን ምን ለብሶ እንደሚውል ጠፍቶኛል ብላ አስቃታለች።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ማዳም ከቀጠሮው በፊት መጥተሽ ጠብቂ ባይ ናት። ሆስፒታሉ ደግሞ ምሳ ሰዓት ሳይሞላ ንቅንቅ የለም ይላል። ሁለቱን የሚያገናኝ አውቶቡስ አልተሠራም። ስለዚህ ግማሿ ከሰዓቱ ትንሽ ቀደም ብላ ሹልክ ትላለች፤ ሜትሮኗ ብቅ ካለች «አሁን እዚህ ነበረች፣ ክር ልታመጣ ወጥታ ነው» የሚሉላት እትዬ ናቸው።

እትዬ የስፌት ክፍሉ ሹም ናቸው። ሹመቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ ከክፍሉ ዕቃ ሁሉ ቀድመው ስለመጡ ማንም አልተከራከራቸውም። ምላሳቸው እንደ መቀሳቸው ነው። ጠማማ ስፌት ካዩ «ይቺን የሰፋው ሰክሮ ነው ወይስ አፍቅሮ?» ይላሉ። ግማሿን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ጨርቅን ሳይጎትቱ መግፋትን አሳይተዋታል፤ ብዙ የታጠበ አንሶላ የት ጋ ክር እንደሚይዝና የት ጋ እንደማይይዝ በእጅ ዳስሶ መለየትንም እንዲሁ። ስትሳሳት ይሰድቧታል፣ ስትደክም ሻያቸውን ያካፍሏታል። ከግንባታ ላይ ወድቆ ወገቡን የተጎዳ ጎልማሳ ልጅ ቤት አላቸው፤ የሚኖረው በእሳቸው ደሞዝ ነው። ስለ እሱ ግን ብዙም አያወሩም።

የእትዬ ዓይን መድከሙን ግማሿ ያወቀችው ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ ክሩን ከመርፌው ጎን ባዶ አየር ላይ ሲያስገቡ አየቻቸው። ከዚያ አረንጓዴውን የቀዶ ጥገና ጨርቅ ሰማያዊ ከሆነው የአልጋ ክፍል ጨርቅ ጋር ገጣጥመው ሲሰፉ። ዝም ብላ ፈታችና መልሳ ሰፋችው። እትዬም ማጠቢያዎቹ ጋብ ባሉበት ጨርቁ ሲፈታ ሰምተዋል፤ ጆሯቸው ደህና ነው። ጥቂት ቆይተው፣ መኪናቸውን ሳያቆሙ፣ «እኔ ሰዓትሽን እይዝልሻለሁ። አንቺ ዓይኔን ያዢልኝ» አሏት።

ነገሩ በዚሁ ተቋጨ። ከዚያ በኋላ ግማሿ ከመውጣቷ በፊት የእትዬን መኪና ክር ታስገባለች፤ ክር የገባባቸውን መርፌዎችም ደርድራ ትሰካላቸዋለች። ጠዋት ስትመጣ ደግሞ እትዬ ከሰዓት በኋላ ያበላሹትን ፈትታ ታቃናለች። እጆቿ ፈጣን ስለነበሩ ይህ ሁሉ የራሷን ሥራ አላጓደለባትም። አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ ቆማ ስታስበው ግን የራሷ ሁኔታ ወለል ብሎ ታያት። የግማሽ ቀን ደሞዝ እየተቀበለች የሙሉ ቀን ሥራ ትሠራለች። ደግሞም እሷ እትዬን ደግፋ ባቆመች ቁጥር እትዬ ቆመው ይቀራሉ፤ እትዬ እስከቆሙ ድረስ ደግሞ ቦታው አይለቀቅም። በገዛ መርፌዋ በሩን በራሷ ላይ እየሰፋችው ነው። ሳቋ መጣ። አጠገቧ የቆመው ሰውዬ ዞር ብሎ አያት።

የእትዬ ጡረታ ጊዜ ደረሰ። እትዬ ግን ማመልከቻ አስገብተው ይራዘምልኝ አሉ። ሜትሮኗ ወደ ስፌት ክፍሉ ወርዳ ከተሠራው ክምር አንድ ሁለቱን አነሳች፣ ገለበጠች፣ ስፌቱን በጣቷ ሄደችበት። የእትዬ እጅ እንደ ድሮው ነው፣ እንዲህ ያለውን ሰው ማስወጣት ኃጢአት ነው ብላ ፈረመችላቸው። ያነሳችው ሁለቱም ግማሿ የሰፋቻቸው ነበሩ። እትዬ አንገታቸውን አቀርቅረው አመሰገኑ። ግማሿም እንኳን ደስ አለዎት አለች፤ ሌላ ምን ትበል?

ቤት ያለው ነገር ከዚህ ይብስ ነበር። ልጇን ጠዋት በእንቅልፍ ልቧ ስማት ትወጣለች፤ ማታ ስትመለስ ልጅቷ እራቷን በልታ፣ ተጣጥባ፣ ከአያቷ ጎን ተወሽቃለች። አንድ ቀን ሱቁ መብራት ስለጠፋበት ማዳም ሁሉንም አሰናበተችና ግማሿ ገና ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ቤቷ ገባች። ደስ ብሏት ልጇን ሚጣን ከትምህርት ቤት ራሷ አመጣቻት፣ ጸጉሯን ፈትታ ልትሠራት ተቀመጠች። ሚጣ እንደ እንግዳ ልጅ ጭምት ብላ ተሠራች። ቆየት ብላ ወደ አያቷ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ፣ ያውም ክፍሉ ውስጥ ሁሉ በሚሰማ ሹክሹክታ፣ መቼ ነው የምትሄደው ብላ ጠየቀቻት። አያቷ ደንግጣ አፏን ያዘቻት። ግማሿ ማበጠሪያውን መሬት ላይ እንደ መፈለግ አለች፤ ማበጠሪያው እጇ ላይ ነበር።

የሠርግ ወቅት መጣ። ማዳም ከመቼውም ይበልጥ ቶሎ ነይ ማለት አበዛች። ግማሿም በዚያን ሰሞን አንድ ጠዋት የእትዬን ክምር ሳታይ ጥላው ወጣች። የፈራችው አልቀረም። ከክምሩ ውስጥ የነበረ አንድ ጋውን ቀዶ ጥገና ክፍል ገባ፤ ሐኪሙ በሥራ ላይ ሳለ ማሰሪያው ከነስፌቱ ተነቀለና ጋውኑ ተንሸራቶ ከጀርም የጸዳው መሣሪያ ላይ ወደቀ። በሽተኛው ተከፍቶ ተኝቶ ሥራው ቆመ፣ መሣሪያው ሁሉ ተቀየረ። በሽተኛው ምንም አልሆነም። ሐኪሙ ግን ጋውኑን አውልቆ ሜትሮኗ ጠረጴዛ ላይ ወረወረላት።

ሜትሮኗ በማግስቱ ጠዋት ጋውኑን ይዛ ወረደች። በዚያን ቀን ኮቴዋ ይሰማ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና የማን እጅ እንደሆነ ጠየቀች። ስፌቱ ጨርቁን ስቶ ባዶ ለባዶ ሄዷል፤ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ግማሿ ወደ እትዬ አላየችም። የምትለውን እያሰናዳች ነበር፤ ክሩ የበሰበሰ ነው ልትል፣ ጨርቁ አርጅቷል ልትል። እትዬ ቀደሟት።

«የእሷ እጅ ነው» አሉ። «እየቸኮለች ነው የምትሠራው። ልቧ ሌላ ቦታ ነው።»

ግማሿ ያን ጊዜ ወደ እሳቸው ዞረች። የእትዬ ጣቶች የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጠው ጥፍሮቻቸው ነጥተዋል፤ ዓይናቸው ግን ወደ እሷ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ ማንም ወደሌለበት ያያል። ሜትሮኗ እውነት ነው ወይ አለቻት። ከሰዓቱ በፊት እየወጣሽ ትሄጃለሽ የሚባለውስ? ሁለተኛው እውነት ነበር። የመጀመሪያውን ብትክድ እትዬ ሁለተኛውን ይመሰክሩባታል። ጋውኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ሜትሮኗም ስምሽን ለቋሚነት ላቀርብ አስቤ ነበር፣ ከእንግዲህ ግን እኔ አላነሳውም ብላ ጋውኑን እዚያው ትታው ወጣች።

ከግድግዳው ማዶ ያለው ማጠቢያ ዞሮ ዞሮ ቆመ።

«አንቺ ልጅ ነሽ» አሉ እትዬ በመጨረሻ። «ጊዜ አለሽ። እኔ የለኝም።»

ግማሿ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። በዚያ ቀን ሱቁ ውስጥ የሰፋችውን አታስታውስም። ማዳም ወቅቱ እስኪያልፍ ሙሉ ቀን ነይልኝ፣ ከዚያ በኋላ እናያለን አለቻት። እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግማሿ ታውቃለች፤ ስንት ዓመት ሙሉ የኖረችው በእናያለን ነው። ማታ ሚጣ ተኝታ አገኘቻት። እናቷ ምን ሆነሻል ስትላት ራሴን አሞኝ ነው አለች።

ሲነጋ ወደ ስፌት ክፍሉ ሳትወርድ በቀጥታ ወደ ሜትሮኗ ቢሮ ወጣች። ቆማ ነው የተናገረችው። ስለ መርፌዎቹ፣ ስለሚፈታውና ስለሚሰፋው፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ስለመምታታቱ፤ ሰዓት ሸርፋ ስለመውጣቷም አልደበቀችም። ሜትሮኗ እስክትጨርስ ሰማቻትና፣ ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ አለቻት።

«ለእሳቸው ብዬ» አለች ግማሿ። ቃሉ ለራሷ ጆሮ እንኳ ጎዶሎ ሆኖ ተሰማት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሜትሮኗ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባች። እትዬን በአክብሮት ሰላም አለቻቸው፣ ስለ ልጃቸው ጠየቀቻቸው። ከዚያ የካፖርቷ ቁልፍ መበጠሱን ነግራ መርፌና ክር ዘረጋችላቸው። «እስቲ ይቺን ያስገቡልኝ፣ እትዬ» አለች።

እትዬ ተቀበሉ። ክሩን በምላሳቸው አርሰው አሾሉት፣ መርፌውን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረጉ። ሳቱ። እንደገና አሾሉት። ሳቱ። ግማሿ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የማትሰፋውን ጨርቅ ይዛ ነበር። እትዬም ይሄኔ፣ ምናልባት ሳያስቡት፣ ዘወትር ሲያደርጉት እንደኖሩት እጃቸውን ወደ እሷ ዘረጉ።

«እንኪ ልጄ፣ አስገቢልኝ» አሉ።

ግማሿ ተቀበለች፣ አስገባች፣ መለሰችላቸው። ሜትሮኗ መርፌውን ከእትዬ እጅ ወስዳ አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። የካፖርቷ ቁልፎች ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ።

እትዬን በአንድ ሳምንት ውስጥ አሰናበቷቸው። እጥበት ክፍሉ ውስጥ ኬክ ተቆርሶ፣ ለስላሳ ተቀድቶ፣ ሜትሮኗ ስለ ረጅም አገልግሎታቸው ተናግራ ብርድ ልብስ ሰጠቻቸው። ግማሿ ከበሩ አጠገብ ብርጭቆዋን ይዛ ቆመች። ወሬው ከቢሮ እስከ እጥበት ክፍል የሚደርሰው ከሊፍቱ ቀድሞ ነው፤ ማን እንደተናገረ ሁሉም ያውቃል። ማንም አልሰደባትም፣ ማንም ፊት አልነሳትም። ብቻ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግማሿ ማለት ቀረ። ጋሪ የሚገፋው ሰው በሩ ላይ ቆሞ «ይግቡ፣ ይለፉ» ይላት ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉት። «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «እርስዎ ያውቃሉ»። እኩዮቿ ናቸው። አንድ ቀን ምን አደረግኋችሁ ልትል ነበር፤ ምን እንዳደረገች ግን እሷም ታውቃለች።

ቦታውን ሰጧት። ነገር ግን የግማሽ ቀን አገልግሎት እንደማይቆጠር፣ እንደ አዲስ ተቀጣሪም የሙከራ ጊዜ እንዳለባት ተነገራት። ፈረመች። ማዳም ዘንድ ሄዳ ስትሰናበት፣ ማዳም ያን ያህል አላዘነችም፤ ትመጫለሽ፣ ሁሉም ይመጣሉ አለቻት።

እትዬ አንድ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ። ግማሿ መጀመሪያ ያየችው በመስኮቱ በኩል ጫማቸውን ነው፤ የጎረቤት ሴት ከጎናቸው ነበረች። ሲገቡ ግን ማንም አልያዛቸውም። በሩ ላይ ቆመው ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር አዩት፣ ጣሪያው ላይ ያለውን እርጥበት አዩት፣ ከዚያ እሷን አዩዋት። በቀጥታ።

የዓይን ሞራ ነበር። እዚያው ሆስፒታል፣ ከስፌት ክፍሉ በላይ ባለው ፎቅ፣ ከጡረታ በኋላ ምን ቀረብኝ ብለው ታይተው፣ ሐኪሞቹ ገፍፈውላቸዋል። አልጋ እንኳ አላስያዘም። ከሥራ እንዳያስወጡኝ ብለው ያን ሁሉ ጊዜ የደበቁት ነገር ይኸው ነበር። ይህን የተናገሩት እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነው። ግማሿ ወንበር ሳበችላቸው፤ አልተቀመጡም።

«ከስተሻል» አሉ። «ፊትሽን ረስቼው ነበር።» ከዚያ፣ «የግማሽ ቀኑ ቦታ ተይዟል?» ብለው ጠየቁ።

አልተያዘም። ግማሿ ይጠብቁኝ ብላ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። ሜትሮኗ ግን ጡረታ የወጣ ሰው እንደማይመለስ፣ ቦታውም ከነጭራሹ እንደታጠፈ ነገረቻት። አንቺ አንድሽ ትበቂያለሽ ተብሏል አለቻት። ስትመለስ እትዬ ከክምሩ አንድ የትራስ ልብስ አንስተው ስፌቱን እያዩ ነበር። ነገረቻቸው።

«እሺ» አሉ። የትራስ ልብሱን አጥፈው መለሱት። «የነገርሽብኝ አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አለች።

«አውቄዋለሁ። ከአፍሽ ልስማው ብዬ ነው።»

ግማሿ ጠበቀች። እሳቸውም የራሳቸውን ያነሳሉ፣ ስለ ጋውኑ አንድ ነገር ይላሉ ብላ ነበር። ከአፋቸው ቢወጣ ምን እንደምትመልስ እንኳ አስባለች። እትዬ ግን ነጠላ ጫማቸውን አስተካክለው፣ ደህና ዋይ ብለው፣ ልጄ ሳይሉ ወጡ። ደረጃውን ያለ ደጋፊ ነው የወጡት።

የሙከራ ጊዜዋ አልቆ ቋሚ ሆነች። አሁን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። ሚጣ ከእሷ ጋር መቀመጥ ለምዳለች፣ አንዳንዴም ታወራታለች፤ ስትታመም ግን አሁንም የምትጠራው አያቷን ነው። ስፌት ክፍሉ ውስጥ ሁለተኛው መኪና ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ጠዋቱ እንደምንም ያልፋል። ከሰዓት በኋላው፣ ያን ሁሉ ዓመት ስትመኘው የኖረችው ሰዓት፣ ይረዝምባታል፤ ስፌቷን ሰክረሽ ነው ወይስ አፍቅረሽ የሚላት ሰው የለም።